ከወረቀት ወደ ሠራተኛው፦ የወሲባዊ ትንኮሳ መከላከያ ሥልጠና በአሜሪካ ግዛቶች እንዴት ግዴታ ሆነ?

በኒውዮርክና በኢሊኖይ የሚሠራ ሰው በየዓመቱ፣ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ መከላከል እንዲሠለጥን ሕግ ያዛል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሥልጠና የሚያውቀው በኮምፒውተር ተከታትሎ፣ ጥቂት ጥያቄዎችን መልሶ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ የሚገላገለው ግዴታ አድርጎ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ግን የግል አሠሪዎችን ሁሉ እንዲህ ያለ ሥልጠና እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አላወጣም። ግዴታው የመጣው ከግዛቶች ነው፤ ከሁሉም ሳይሆን ከጥቂቶቹ። ሥልጠናው ማንን ለመጠበቅ ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በዚሁ አመጣጥ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ከለከለ፤ ስለ ትንኮሳ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ድርጊቱ ጥንታዊ ቢሆንም በሕግ ፊት የሚጠራበት ስም አልነበረውም። በ1975 በኒውዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ፣ ከአለቃዋ ትንኮሳ ሸሽታ ሥራዋን የለቀቀች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የሥራ አጥነት ድጎማ ስትከለከል፣ በዙሪያዋ የተሰባሰቡ ሴቶች ለችግሩ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም አወጡለት። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ1980 ባወጣው መመሪያ ትንኮሳን ለማስወገድ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ መከላከል መሆኑን ገለጸ። አሠሪዎች ጉዳዩን በግልጽ እንዲያነሡና ለሠራተኞቻቸው መብታቸውን እንዲያሳውቁም መከረ። ይህ ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋሽንግተን ዲሲ የባንክ ሠራተኛ በነበረችው በሚሼል ቪንሰን ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ብይን ሰጠ። ሠራተኛዋ ደመወዝ ባይቀነስባትም፣ ከሥራ ባትባረርም፣ የሥራ ቦታዋን መርዛማ የሚያደርግ ትንኮሳ በራሱ አድልዎ ነው ተባለ። ባንኩ የአቤቱታ ሥርዓት እንደነበረውና እርሷ እንዳልተጠቀመችበት ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሥርዓቱ አቤቱታው መጀመሪያ ለቅርብ አለቃ እንዲቀርብ የሚጠይቅ መሆኑን አስተዋለ። በዚህ ጉዳይ የቅርብ አለቃው ተከሳሹ ራሱ ነበር። የአቤቱታ ሥርዓት በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አሠሪን ከተጠያቂነት እንደማያድን በዚያን ጊዜ ተነገረ።

ሥልጠናን በሕግ ግዴታ በማድረግ የቀደመችው ሜይን ናት። በ1991 ባወጣችው ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው አሠሪዎች አዲስ ሠራተኛ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያሠለጥኑ አዘዘች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አኒታ ሂል በሴኔት ፊት የሰጠችው ምስክርነት ጉዳዩን በየቤቱ መነጋገሪያ አደረገው። በኅዳር የጸደቀው ሌላ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ለተበዳዮች የዳኞች ሸንጎ የመጠየቅ መብትና እንደ ድርጅቱ ስፋት እስከ 300,000 ዶላር የሚደርስ ካሳ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ትንኮሳ ለአሠሪዎች የገንዘብ ስጋትም ሆነ። ኮነቲከት በ1992 ሁለተኛውን መንገድ ቀየሰች፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ተቆጣጣሪዎቹን ለሁለት ሰዓት እንዲያሠለጥን ደነገገች። ማሳቹሴትስ በ1996 ሥልጠናን አበረታታች እንጂ አላስገደደችም።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው ግን ከሕግ አውጪዎች ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው። በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን ከተማ በባሕር ዳርቻ በነፍስ አድን ሠራተኝነት ያገለገለችው ቤት አን ፋራገር በአለቆቿ ትንኮሳ ከተማዋን ከሳ ነበር። ከተማዋ ትንኮሳን የሚከለክል ደንብ ነበራት፤ ነገር ግን ደንቡ ባሕር ዳርቻ ላሉት ሠራተኞች ከቶ አልደረሰም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ለፋራገር ፈረደ። በዚያው ቀን በዚህና በሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ለአሠሪዎች አንድ መከላከያ ሰጠ። ሠራተኛዋ ካልተባረረች ወይም ከደረጃዋ ዝቅ ካልተደረገች፣ አሠሪው ሁለት ነገር በማስረዳት ከተጠያቂነት ሊድን ይችላል፦ አንደኛ፣ ትንኮሳን ለመከላከልና ለማረም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን፤ ሁለተኛ፣ ሠራተኛዋ በተዘጋጀላት መንገድ ያለ በቂ ምክንያት አለመጠቀሟን።

የብይኑ ትምህርት ደንቡ ለሠራተኛው ይድረስ የሚል ነበር። አሠሪዎችና ጠበቆቻቸው ግን ሌላም ነገር አነበቡበት። የሥልጠና መዝገብና የተፈረመበት ወረቀት በፍርድ ቤት ጋሻ ሊሆኑ ነው፤ አቤቱታ ያላቀረበች ሴት ዝምታም ለአሠሪው ማስረጃ ሊሆን ነው። ሥልጠና መስጠት በዚህ ምክንያት የራሱ ገበያ ያለው ሥራ ሆነ። ካሊፎርኒያ በ2004 የኮነቲከትን መንገድ ስትከተል ሰዓቱን ሁለት፣ ድግግሞሹን በየሁለት ዓመቱ፣ የድርጅቱን መጠን 50 አደረገችው። ሕጉ የሚለካው ነገር ግልጽ ነበር፦ ሰዓት፣ ርእስና የተሳታፊ ቁጥር። ትንኮሳው መቀነሱን ግን አይለካም።

ይህ ክፍተት በይፋ የተነገረው በ2016 ነው። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሁለት አባላት፣ ቻይ ፌልድብለምና ቪክቶሪያ ሊፕኒክ፣ የመሩት ግብረ ኃይል ባወጣው ሪፖርት የቀደሙት 30 ዓመታት ሥልጠና ትንኮሳን ከመከላከል ይልቅ የሕግ ተጠያቂነትን በመሸሽ ላይ ያተኮረ እንደነበር አመለከተ። ትንኮሳ ከደረሰባቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ለአለቃም ሆነ ለሠራተኛ ማኅበር ተወካይ እንደማይናገሩም ገለጸ። የ1998ቱ ብይን የተደገፈበትን ግምት፣ ማለትም የተበደለ ይናገራል የሚለውን፣ ይህ አሐዝ ያናውጠዋል። የማኅበራዊ ጥናት ምሁራኑ ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ በ2019 ያሳተሙት የ805 ድርጅቶች የ32 ዓመት ጥናት ደግሞ ልዩነቱን አጠበበው። አለቆች የችግር ምልክት አይተው ጣልቃ እንዲገቡ የሚያስተምር ሥልጠና በኃላፊነት ቦታ ያሉ ሴቶችን ቁጥር ከማደግ ጋር ተያይዟል። ሠራተኛውን ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ ቆጥሮ ክልከላ የሚዘረዝረው ሥልጠናና የተለመደው የአቤቱታ ሥርዓት ግን ከመቀነሱ ጋር ተያይዘዋል።

በዚሁ ወቅት ከታች የመጣ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በካሊፎርኒያ ሌሊት ባዶ ሕንፃ የሚያጸዱ ሴቶች በ2016 በሳክራሜንቶ የረኃብ አድማ አድርገው፣ ለጽዳት ተቋራጮች ምዝገባና ሥልጠናን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ እንዲፈረም አስቻሉ። በ2019 የወጣው ተከታይ ሕግ ሥልጠናው በሙያው ውስጥ ባለፉ የሥራ ባልደረቦች እንዲሰጥ አደረገ። ዋሽንግተን ግዛትም በ2019 ሆቴሎችን፣ ጥበቃንና ጽዳትን ለሚመለከቱ አሠሪዎች ሥልጠናን ከአደጋ ጥሪ ቁልፍ ጋር አጣመረች። እዚህ ላይ ሕጉ የተነሣው ከፍርድ ቤት መከላከያ ሳይሆን ሠራተኛዋ ብቻዋን ከምትገኝበት ክፍል ነው።

በጥቅምት 2017 የተነሣው ‹‹ሚ ቱ›› ንቅናቄ በፊናው የሕጎቹን ስፋት ለወጠ። ካሊፎርኒያ በ2018 ከ50 ወደ 5 ሠራተኞች፣ ኮነቲከት በ2019 ከ50 ወደ 3 ዝቅ አሉ። ኒውዮርክና ኢሊኖይ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውንም አሠሪ አካተቱ። ደላዌር ግን 50 ላይ ቀረች። የፌዴራሉ የአድልዎ ሕግ ከ15 ሠራተኞች በታች ያለውን አሠሪ ስለማይነካ፣ እነዚህ ቁጥሮች የማን ሥራ ቤት የሕግ ዓይን እንደሚደርሰው ይወስናሉ።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የዚህ ታሪክ አካል ነው። በ2018 መራጮች በጉርሻ የሚተዳደሩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ከሌላው ጋር ቀስ በቀስ እንዲስተካከል በድምፃቸው ወሰኑ፤ የከተማዋ ምክር ቤት ግን በጥቅምት ወር ውሳኔውን ሻረ። በምትኩ ካወጣው ሕግ አንዱ ክፍል፣ ጉርሻ የሚቀበሉ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጆችና ባለቤቶች የወሲባዊ ትንኮሳ መከላከያ ሥልጠና እንዲወስዱ ያስገድዳል። ይህ ልውውጥ በራሱ ትርጉም አለው፦ ገቢዋ በደንበኛው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ አስተናጋጅ ደመወዟ ሳይለወጥ ሥልጠና ተሰጣት። በዚህ ሙያ ኢትዮጵያውያን በሁለቱም ወገን፣ በአሠሪነትም በሠራተኝነትም ይገኛሉ። በትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ አለቃው ዘመድ፣ የአገር ልጅ ወይም ሥራ ያስገባ ባለውለታ ሲሆን፣ አቤቱታ የማቅረብ ዋጋው ከደመወዝ በላይ ነው። የዚህን ዓይነት ይሉኝታ በጽሕፈት ቤት ምሳሌ የተዘጋጀ ቪዲዮ አይነካውም።

የቋንቋ ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የካሊፎርኒያው የ2018 ሕግ የመንግሥት ሥልጠና እንዲዘጋጅባቸው በስም የጠቀሳቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ቬትናምኛና ኮሪያኛ ናቸው፤ ብዙ ተናጋሪ ላላቸው ሌሎች ቋንቋዎችም በሩን ክፍት ትቷል። ያ በር በራሱ አይከፈትም። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ወደ መንግሥት ቢሮዎች ያስገባው የማኅበረሰቡ ቁጥር ስለታወቀና ጥያቄው ስለቀረበ ነው።

ሥልጠናን ግዴታ ማድረግ ብቻውን ትንኮሳን አላስቆመም፤ ከንቱም ግን አልሆነም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ በሆነው ልምድ የተሻለ ውጤት ያመላከቱት አለቃን የኃላፊነት ባለቤት ያደረጉ፣ ከሥራው ጠባይ የተነሡ፣ ሠራተኞች ራሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው። ስለዚህ ስለ አዲስ ሕግ ሲመከር ‹‹ስንት ሰዓት?›› ከሚለው አስቀድሞ መነሣት ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ የሚያስተምረው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ? የተናገረች ሠራተኛ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ትገኛለች ወይ?