ኑዛዜ፦ የአንድ ቃል ሦስት ዘመን

በአምባራስም ሆነ ዝቅ ብሎ በደባርቅና በዳባት፣ ሕመም የጠናበት ሰው የነፍስ አባቱን ያስጠራል። ቤተሰቡ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ታማሚው «ይፍቱኝ አባ» ብሎ የልቡን ይናገራል፤ ካህኑም መስቀል አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል። ከዚያ ሽማግሌና ጎረቤት ገብቶ ስለ መሬቱ፣ ስለ በሬውና ስለ ዕዳው የሚለውን ይሰማል። በር ተዘግቶ የተነገረውም፣ በር ተከፍቶ የተነገረውም «ኑዛዜ» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩበትን ምክንያት ከምንጮቹ እንመርምር።

በግእዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው፤ ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላትም ቀዳሚ ፍቺው ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጰራቅሊጦስን «ናዛዚ» ስትል አጽናኝ ማለቷ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 6 ኃጢአትን መናገርን የግእዙ ንባብ «ተአምነ» በሚለው ግስ ሲገልጸው፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ተናዘዘ»ን ይጠቀማል። ከዚህ የምንረዳው፣ ቀድሞ የአጽናኙን ሥራ ይገልጽ የነበረው ቃል በአማርኛ የተጽናኙን ንግግር ወደ መግለጽ መሻገሩን ነው።

በሰሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ለመነኮሶቻቸውና ለቄሶቻቸው ይናዘዙ ነበር። ትውፊታቸው የምንኩስናቸውን መነሻ ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሰው ከአባ ሰብራ ያደርሰዋል፤ አንዳንዱ ትረካ አባ ሰብራን ከክርስቲያኖች ወገን የመጣ መነኩሴ ስለሚያደርገው፣ ልማዱን የክርስቲያን ገዳማት ውርስ ነው ማለት ይቀላል። ሆኖም ኦሪት ዘሌዋውያን (5፥5) ራሱ የበደለ ሰው ኃጢአቱን እንዲናገር ያዝዛል። ስለዚህ ትእዛዙን ከኦሪት፣ ለመነኩሴ የመናገሩን ሥርዓት ከጋራው የገዳም ኑሮ ብናመጣው ሁለቱ ምስክሮች አይጣሉም።

በር ተከፍቶ ለሚነገረው ለውርሱ ኑዛዜ ደግሞ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የምስክሮቹን ቁጥር ወሰነለት። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል (ቁጥር 881)፤ ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው በቃል የሚናዘዘው ግን ለሁለት ምስክሮች ነው (ቁጥር 892)። የቃል ኑዛዜው ወሰንም ጠባብ ነው፦ የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች፣ የልጆች ሞግዚትነት። ዓለማዊው ሕግ እንኳ ለመጨረሻዋ ሰዓት የተወው፣ የሟቹን ልብ የሚያሳርፈውን ነገር ነው።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ኃጢአቱን የተናገረም፣ ልጁን ለአደራ የሰጠም ሸክሙን አውርዶ ይጽናናል፤ ሁለቱን ኑዛዜዎች ያስተሳሰረው ጥንታዊው የማጽናናት ትርጉም ነው። እንግዲህ በብራና ላይ «ናዘዘ»ን ያገኘ አንባቢ «አናዘዘ» ብሎ ለመተርጎም አይቸኩል፤ «አጽናና»ን ያስቀድም።