ስለ ባርቤኪው ሳንድዊችና ስለ ማባያው
በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደቡባዊ ክፍል የጣዕም ልዩነት ታሪክ

የአንድን ሕዝብ የአመጋገብ ልማድ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ዋናውን ምግብ ነው፤ ማባያውን ግን እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ ያልፈዋል። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ባርቤኪው ስለሚባለው ጥብስ የተጻፈውም አብዛኛው ስለ ሥጋው፥ ስለ እሳቱና ስለ ጠባሹ የሚናገር ነው። ይሁን እንጂ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ሲከራከሩ የሚሰማው ስለ ሥጋው ብቻ አይደለም፤ በዳቦው ውስጥ ከሥጋው ጋራ ስለሚገባው ጐመን፥ ስለ ማጥቀሻውና በሳሕኑ ጠርዝ ስለሚቀርበው ማባያ የሚደረገው ክርክር ይበልጥ የበረታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ማሳየት፥ እንዲሁም ሳንድዊቹ ራሱ ማን ከማን ጋራ በአንድ ገበታ ይቀመጣል ከሚለው ጥያቄ ጋራ የነበረውን ግንኙነት መግለጽ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባርቤኪው የሚለው ስም ታይኖ ከሚባሉት ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ተወስዶ በእስፓኞች በኩል የተላለፈ ነው፤ በመጀመሪያም ሥጋና ዓሣ ከእሳት በላይ የሚዘረጋበትን የእንጨት ቆጥ ያመለክት ነበር። ዐሣማ ግን ለዚያ ምድር እንግዳ ነው። ኤርናንዶ ዴ ሶቶ በ1539 ወደ ፍሎሪዳ ሲገባ የዐሣማ መንጋ ይዞ ነበር። ሥጋው በሃይማኖትም በልማድም ለማይበላበት ላገራችን አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዐሣማ ያለ እረኛ በጫካ ተሰማርቶ የሚረባ፥ ሥጋውም በጨውና በጢስ የሚቈይ እንስሳ ስለ ሆነ፥ ለዚያ አገር ገበሬ ከበሬ ይልቅ የቀረበ ሆነ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ሂከሪ ወይም ኦክ የሚባለው እንጨት ፍም እስኪሆን ድረስ ይነዳል፤ ሥጋውም ከፍሙ በላይ ተዘርግቶ፥ ኾምጣጤና በርበሬ እየተቀባ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ይበስላል። የእንጨቱ ጢስ ለሥጋው ጣዕም መስጠቱ የወተት ዕቃዋን በወይራ ለምታጥን ባለሙያ አዲስ ነገር አይሆንባትም። በታላላቆቹ እርሻዎች ዘመን በዚያ ጕድጓድ አጠገብ ሌሊቱን ያነጉ የነበሩት አብዛኛውን ጊዜ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ሜሪ ራንዶልፍ በ1824 ባሳተመችው የቨርጂኒያ የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ የዐሣማ ግልገል ባርቤኪው አሠራር ይገኛል። በመጽሐፉ ላይ የታተመው የእመቤቲቱ ስም ነው፤ እንደዚህ ባሉት ቤቶች በእሳቱ ላይ የነበረው እጅ ግን የባሪያው ነበር።

ባርቤኪው ለረጅም ዘመን የብዙ ሰው ግብዣ እንጂ የገበያ ሸቀጥ አልነበረም። ለምርጫ ቅስቀሳ፥ ለቤተ ክርስቲያን በዓል፥ ለመከር መጨረሻ ሙሉ እንስሳ ይጠበስ ነበር። ወደ ገበያ ሲወጣ ግን ሻጩ በየቀኑ የሚጠብሰውና ላንድ ሰው የሚበቃ አድርጎ የሚከፍለው ሥጋ አስፈለገው። በሰሜን ካሮላይና በሌክሲንግተን ከተማ በ1919 ገደማ ሲድ ዊቨር የተባለ ሰው በፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተክሎ ለባለ ጉዳዮች ይሸጥ ጀመር። በዚያ ከተማ የሚጠበሰው የዐሣማው ወርች ብቻ ነው። በዚያው ግዛት በምሥራቁ በኩል ግን ሙሉው ዐሣማ ተጠብሶ፥ ሥጋው ሁሉ ባንድነት ተከትፎ፥ በኾምጣጤና በበርበሬ ብቻ ይለወሳል። በሌክሲንግተን በኾምጣጤው ላይ ጥቂት የቲማቲም ድልህ ይጨመራል፤ ስሙንም «ማጥቀሻ» ይሉታል። ሁለቱ ወገኖች ስለዚህች ጥቂት ቲማቲም ሲናገሩ የሚሰማ ሰው የሃይማኖት ክርክር ይመስለዋል። ጆን ሼልተን ሪድ የተባለው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ወርች የመምረጡን ልማድ ከፔንሲልቬኒያ ወርደው በዚያ አውራጃ ከሰፈሩት ጀርመኖች ጋራ ያያይዘዋል፤ አስተያየቱም ሚዛን የሚደፋ ነው። የከብት ብልት አወጣጥ ክብርና ማዕርግ በሚለይበት አገር ላደግን ለእኛ፥ የሕዝብ ዘር በብልት ምርጫ መታወቁ አያስደንቀንም።

ወደ ማባያው እንመለስ። ኮልስሎ የሚባለው የተከተፈ ጥሬ ጥቅል ጐመን ስሙ ከሆላንዶች ቋንቋ የመጣ ነው። በምሥራቅ ካሮላይና ነጭ ነው፤ በሌክሲንግተን ጐመኑ የሚለወሰው በዚያው በሥጋው ማጥቀሻ ስለ ሆነ ቀላ ያለ ነው። በቴነሲ በሜምፊስ ከተማ ደግሞ ጐመኑ ከሳሕኑ ወጥቶ በዳቦው ውስጥ ከሥጋው በላይ ይቀመጣል፤ ይህንንም የጀመረው በ1922 ምግብ ቤት የከፈተው ሊዮናርድ ሂውበርገር ነው ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥጋው ለስላሳ፥ ትኵስና ቅባታም ሲሆን ጐመኑ ቀዝቃዛ፥ ኾምጣጣና ሲታኘክ የሚንኰሻኰሽ ነው። በደቡብ ካሮላይና መካከለኛ ክፍል ማጥቀሻው ቢጫ ሰናፍጭ ነው፤ በአጠገቡም ከዐሣማው ራስና ከሆድ ዕቃው ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የተሠራ ወጥ በሩዝ ላይ ይቀርባል። ያ ሩዝ በምዕራብ አፍሪካውያን ባሮች ዕውቀትና ጕልበት የለማ ሰብል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በአላባማ ግዛት በዲኬተር ቦብ ጊብሰን ከ1925 ጀምሮ ለዶሮ ነጭ የማዮኔዝ ማጥቀሻ አስለመደ። በኬንታኪ ምዕራባዊ ክፍል የሚጠበሰው የበግ ሥጋ ነው። በቴክሳስ መካከል የጀርመንና የቼክ ሥጋ ሻጮች ፍርምባውን ያለ ማጥቀሻ በወረቀት ላይ ከሽንኵርትና ከነጭ ዳቦ ጋራ ያቀርባሉ፤ ማባያ የሚባለው በዚያ እጅግ ጥቂት ነው።

እነዚህ ማባያዎች ከጕድጓዱ ሳይሆን ከቤት ወጥ ቤት የወጡ ናቸው ብለን እናምናለን። ጕድጓዱ የወንዶችና የአደባባይ ሥራ ነበር፤ ጐመኑ፥ ባቄላው፥ የበቈሎ ዳቦውና በኾምጣጤ የሚቈየው ኪያር ግን የሴቶች ሙያ ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን በደቡብ ካሮላይና በባርነት የተወለደችው አቢ ፊሸር ናት። በ1881 በሳን ፍራንሲስኮ የታተመው የምግብ መጽሐፏ፥ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል በቃል ነግራ ያስጻፈችው ነው። በ1880 በዚያች ከተማ በተደረገው ትርኢት ከተሸለመችባቸው ነገሮች መካከል በኾምጣጤ የሚቈዩት አትክልቶቿና ማጥቀሻዎቿ ይገኛሉ። በዘመናችንም ጕድጓድ የሌላት የቤት እመቤት የዐሣማውን ወርች በምድጃ፥ ከ1971 ወዲህም በኤሌክትሪክ በዝግታ በሚያበስል ድስት ታዘጋጀዋለች። አጥባቂዎቹ ጢስ የሌለው ሥጋ ባርቤኪው አይባልም ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። ጐመኑ ግን የእናቷ ጐመን ስለ ሆነ፥ ቤተሰቡ ሳንድዊቹን ያገሩ ምግብ ነው ብሎ ይበላዋል።

ሳንድዊች በእጅ ተይዞ የሚሄድ ምግብ ነው። ይህም ጠባዩ በመለያየት ሕግ ዘመን ለክፉ ነገር አገለገለ፤ ወንበር የተከለከለ ሰው ምግቡን በመስኮት ገዝቶ ይሄድ ነበርና። በአላባማ በበርሚንግሃም ከተማ የነበረው ኦሊስ ባርቤኪው 220 መቀመጫ ነበረው፤ ከ36 ሠራተኞቹ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች ነበሩ። ሆኖም ከተከፈተበት ከ1927 ጀምሮ ጥቁር ደንበኛ ገዝቶ ከመሄድ በቀር ተቀምጦ መብላት አይፈቀድለትም ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲወጣ ባለቤቶቹ ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው። የፍርዱ መሠረት ሥጋው ነበር፦ በዓመት ከተገዛው 150,000 ዶላር ያህል ምግብ ውስጥ 69,683 ዶላር የወጣበት ሥጋ ከግዛቱ ውጭ የመጣ ስለ ሆነ፥ ምግብ ቤቱ በግዛቶች መካከል በሚደረገው ንግድ ውስጥ የገባ ነው ተባለ።

በደቡብ ካሮላይና ደግሞ በሰናፍጭ ማጥቀሻው የታወቀው የሞሪስ ቤሲንጀር ድርጅት ባለ መኪናዎች የሚስተናገዱባቸው 5 ቤቶችና አንድ የሳንድዊች ቤት ነበሩት። በጥቁሮች ላይ ልዩነት በማድረጉ ሲከሰስ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ1966 የከለከለው በሳንድዊች ቤቱ ብቻ ነበር፤ በአምስቱ ቤቶች የሚገዛው ምግብ ይበልጡን በቦታው የማይበላ ስለ ሆነ ሕጉ አይመለከታቸውም አለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1967 ይህን ሽሮ አምስቱንም ከሕጉ በታች አገባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1968 በዚሁ ነገር ላይ፥ ከሳሾቹ ለጠበቃ ያወጡት ወጪ እንዲከፈላቸው የሚያስችል ፍርድ ሰጠ።