ጣሊያን ሄደ፤ ካንዴላው ቀረ

ጋራዥ ገብቶ ጆሮውን የሰጠ ሰው ታሪክ ይሰማል። ካንዴላ፣ ጎማ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

የስታራቼ ጦር በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጎንደርን፣ ግንቦት ላይ ባሕር ዳርን ያዘ። ካሚዮንና ሞተርሳይክል ይዞ የመጣው ወራሪ በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ።

ቃሉ ከባዕድ ይምጣ እንጂ ልኩ የጣና ዳር ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ አሮጌ ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንስበታል። ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ስለዚህ መካኒኩ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ጠበብ ባለ ቀዳዳ ይለውጣል። ሞተሩን አሙቆ ሚኒሞውን በጆሮው ያስተካክላል። ከዚያ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሠርቷል።

አሮጌ ሞተር የሚያድስ ሰው ቀለም ቀብቶ፣ ካርቡራቶሩን ጥሎ በአዲስ ከተካ፣ ያተረፈው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ካርቡራቶር የሌላቸው ሞተሮች እየበዙ ነው። በጆሮ የሚያስተካክሉት አዛውንቶች ሳያልፉ የሚያውቁት ይጻፍ። የጦርነቱ ታሪክ ተጽፏል፤ የጋራዡም ታሪክ ነው።