በሦስት እግር የቆመ ፈረስ

የኢትዮጵያ ታሪክ ፈረስን በስሙ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ከፈረሶቻቸው የመጣ ነው። ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩና፣ እሳቸው በ1898 ዓ.ም. ካረፉ ከ45 ዓመት በኋላ ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦር «ቃኘው» ተብሎ ተሰየመ። ፈረሱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ።

ስሙን እንዲህ ያከበረለት ታሪክ ስለ ገላው ግን ብዙ አይናገርም። በጦር ሜዳ ትረካ ውስጥ ፈረስ ወይ ይጋልባል፣ ወይ ተመትቶ ይወድቃል፤ ለባለቤቱ ሌላ ፈረስ ይቀርብለትና ወሬው ይቀጥላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዕጣ አለ። ፈረሱ እግሩን ይቆስልና፣ ሳይሞትም ሳይጋልብም፣ በሦስት እግሩ ቆሞ ሳምንታትንና ወራትን ያሳልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ጸጥ ያለ ጊዜ ነው።

አባቶቻችን የፈረስ እግር ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ማወቃቸውን የሚያሳየው ከሁሉ በፊት የጉዟቸው ሥርዓት ነው። መኳንንቱ በዘመቻ ጊዜ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ ኮርቻውን ሳይሸከም ወይም ባዶ ኮርቻ ተጭኖ በአሽከር እየተሳበ ይከተል ነበር። ወደ ጀርባው የሚወጡት ለውጊያ፣ ለጉግስ ወይም ለክብር ሲሆን ብቻ ነው። ይህን የውጭ አገር ተጓዦች ብዙ ጊዜ ለታይታ የተደረገ አድርገው ጽፈውታል፤ እኔ ግን ሕክምና ነው እላለሁ። በቅሎ በድንጋያማው ቁልቁለትና በገደሉ ጥግ ላይ እግሯን ታሳርፍበት ዘንድ ታውቅበታለች። የአገራችን ፈረስ ደግሞ በልማድ ብረት ጫማ አይደረግለትም ነበርና ኮቴው ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት እውነት ቢሆንም፣ እንዲያደርስ ከተፈለገ መንገዱን ሁሉ መቆጠብ ነበረበት።

የፈረስ እግር ቁስል ለምን ይህን ያህል ያስፈራል? መልሱ በአፈጣጠሩ ውስጥ ነው። ከጉልበትና ከቋንጃ በታች ያለው የፈረስ እግር ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ አጥንት፣ ጅማትና በላዩ የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ደም በብዛት አይደርሰውም። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር የቁስሉ አፍ ይከፈታል፤ ከመሬትም ቅርብ ስለ ሆነ ጭቃውና ፋንድያው አይለየውም። የዘመናችን የእንስሳት ሐኪሞች እንደ ለኩት፣ በፈረስ ገላ ላይ ያለ ቁስል አዲስ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል የሚያበቅለው በቀን 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእግሩ ላይ ያለው ግን 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እስቲ እናስላው፤ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእግር ቁስል ከሁለቱም ዳር እየተሸፈነ መሐል ላይ እስኪገናኝ 222 ቀን ይፈጃል። ቁስሉ በራሱ እየተኮማተረ ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ቢሆንም በእግር ላይ መኮማተሩ ራሱ ደካማ ነው።

ሌላም መከራ አለ። ቁስሉን ሊሞላ የሚያድገው ቀይ ሥጋ በእግር ላይ ልኩን አያውቅም። ከቆዳው በላይ ያብጥና እንደ ጎመን ራስ ይወጣል፤ አዲሱ ቆዳም ይህን ጉብታ መሻገር ያቅተዋል። ይህ ትርፍ ሥጋ ነርቭ የለውምና ሐኪሙ በምላጭ ሲከረክመው ፈረሱ ብዙም አያመውም፤ ደሙ ግን እንደ ጉድ ይፈሳል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በሆላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ዊልሚንክ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርምር፣ የትናንሽ ዘር ፈረሶች የእግር ቁስል ከትልልቆቹ ፈጥኖ እንደሚድን አሳይተዋል። ምክንያቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚነሣው የነጭ የደም ሕዋሳት ዘመቻ በትንንሾቹ ዘንድ የበረታ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ፈረስም ቁመቱ አጭር ነው። ምርምሩ የተደረገው በእኛ ፈረሶች ላይ ስላልሆነ ቸኩሎ መኩራት አይገባም፤ የሰላሌን ወይም የአገውን ፈረስ ያየ ሰው ግን ነገሩን ልብ ሳይለው አያልፍም።

በቤተ መንግሥት ፈረሶችንና በቅሎዎችን የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር። ስሙ ዛሬም በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ይኖራል፤ በጎጃም ደጋ ዳሞትም ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ አለች። የንጉሥ ፈረስ እግሩን ቢቆስል ከሁሉ የበለጠው መድኃኒት አይጎድልበትም ነበር፤ ይኸውም ጊዜ ነው። ገብስ ይቀርብለታል፣ ሣር ይታጨድለታል፣ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይቆማል፣ አሽከር ዝንብ ይከላከልለታል፤ እስኪድን ድረስ ሌላ ፈረስ ይጫናል። አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ወታደር ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም። ሁለቱ ፈረሶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጦር፣ በአንድ ቦታ ላይ ቢወጉ እንኳ ዕጣቸው አንድ አይሆንም።

ባህላዊው ሕክምና ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ቁስሉን በጨው ውኃ ወይም በግራዋ ማጠብ፣ የብሳና ወተት ወይም የሬት ፈሳሽ ማድረግ፣ ማር መቀባት፣ የተሰበረውን ወይም የወለቀውን ለወጌሻ ማሳየት፣ እንቢ ያለውን በጋለ ብረት መተኮስ የተለመዱ ነበሩ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ማርን በተመለከተ የአውስትራሊያው ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረስ እግር ቁስል ላይ ፈትነውት መዳንን እንደሚያግዝ ጽፈዋል። መተኮሱ ግን ሌላ ነው። እሳቱ ትርፉን ሥጋ ሲያቃጥል ከዳር እየገሰገሰ ያለውን ስስ ቆዳ አብሮ ያጠፋዋል፤ የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጠዋት ይፈርሳል።

እኔ በሙያዬ ተርጓሚ ነኝና በዚህ ጉዳይ የአማርኛ ሀብት ያስደንቀኛል። በጀርባ ላይ በኮርቻና በጭነት የሚወጣው ቁስል ገጣባ የሚል የራሱ ስም አለው። ቁስል ያመረቅዛል፣ ይጠግጋል፣ ይሽራል። የጠገገ ሁሉ አልሻረም፤ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ውስጡ መግል ቋጥሮ ሊያመረቅዝ ይችላል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ይህን ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ያስፈልገው ይሆናል፤ የአገሬ ገበሬ በሁለት ግሥ ይለየዋል። በተለይ ኮቴን በሚወጋ ምስማር ላይ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ጠባቡ ቀዳዳ ፈጥኖ ይዘጋል፣ አየር በማይገባበት ጥልቀት ውስጥ ግን የመንጋጋ ቆልፍ ተውሳክ ይራባል። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ እጅግ ተጋላጩ ፈረስ ነው። ቤሪንግና ኪታሳቶ የመርዙን ማርከሻ በበርሊን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሰው ልጅ የሚሆነው መድኃኒት ለብዙ ዘመን የተቀዳው ከፈረስ ደም ነበር።

ይህ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት በናይሮቢም የፈረስ ታሪክ አለ። ዛሬ ኢምባካሲ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ በማው ማው እስረኞች ጉልበት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው፣ በ1978 ደግሞ በጆሞ ኬንያታ ስም የተሰየመው። ከዚያ በፊት አካባቢው ከአቲ ሜዳ ጋር የተያያዘ ሰፊ ሣር ምድር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ፣ በነሐሴ 1914 እ.ኤ.አ.፣ የቅኝ ገዢው ሰፋሪዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው በናይሮቢ ተሰባሰቡና የምሥራቅ አፍሪካ ፈረሰኛ ጦር የተባለውን አቋቋሙ። በ1916 ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ፈረሰኞች ተጨምረው ወደ ጀርመን ግዛት ገቡ። ጄኔራል ቫን ዴቬንተር ወደ ኮንዶአ ኢራንጊ ሲገሰግሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች በመንገድ ላይ ቀሩ፤ ፈረሰኛው እግረኛ ሆነ። የገደላቸው በአብዛኛው ጥይት አልነበረም፤ የቆላ ዝንብና የፈረስ በሽታ፣ ከዚያም ድካምና ረኀብ ነበር። ናይሮቢ አጠገብ በካቤቴ የእንስሳት በሽታ ቤተ ሙከራ ከ1910 ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን ቁስል ለመታከም ፈረሱ አስቀድሞ በሕይወት መቆየት አለበት።

ከሃያ ዓመት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የረጩት ይፐሪት የሚባለው መርዝ በሣሩና በቁጥቋጦው ላይ ተኝቶ ይቆይ ነበር። ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደር፣ ከእርሱም ጋር በቅሎውና ፈረሱ፣ የረገጡት መሬት አቃጠላቸው። ቃጠሎው ውሎ አድሮ የሚወጣ፣ ሲወጣም ለመሻር እጅግ የሚዘገይ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር ባሰሙት ንግግር፣ የመርዙ ዝናም በሰዉ ላይ ብቻ ሳይሆን በከብቱ፣ በወንዙና በግጦሹ ላይ እንደ ወረደ ተናግረዋል። ለዚህ ቁስል ግራዋውም ማሩም አልደረሰለትም፤ የሚያርፍበት ንጹሕ ሣርም አልነበረም።

ሀብትና ጊዜ ሁሉን ያድናሉ የሚል ካለ ደግሞ የአሜሪካውን ባርባሮን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈው ይህ ፈረስ በዚያው ወር በሌላ ውድድር የቀኝ የኋላ እግሩ ተሰበረ። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስመ ጥር ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ ለስምንት ወር ያህልም ተንከባከቡት። የተሰበረው እግር ሲያገግም፣ የሰውነቱን ክብደት የተሸከሙት ጤነኞቹ እግሮች ታመሙ። ኮቴን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ሕብር ተላቀቀና በጥር 2007 በመርፌ እንዲሞት ተደረገ። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈረስ ጠባቂ የቆሰለውን እግር ሲያጥብ ሌሎቹን ሦስቱን ሳይዳስስ አይነሣም፤ ኮቴው ሞቆ ካገኘው ይደነግጣል።

በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው ፋኩልቲ በደብረ ዘይት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈረስ ቁስል የተሻለ እናውቃለን፤ የምናውቀው ግን በአብዛኛው ስለ ጋሪ ፈረስ ነው፤ ከአባ ዳኘው ዘር ለአሸዋና ለሰው ማመላለሻ የቀረው እርሱ ነውና። ዶክተር ጎበና አመኒ በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት፣ 18.8 በመቶው በሊምፍ ሥር የሚሄድ የፈንገስ በሽታ ይዟቸው ነበር። በሞጆ ቁጥሩ 39 በመቶ ደርሶ ነበር። ፈንገሱ የሚገባው በተሰነጠቀ ቆዳ ነው፤ ማሰሪያ ገመድ የላጠው፣ የጋሪ ብረት የቧጨረው እግር በሩን ይከፍትለታል። ከዚያ በእግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ይወጡና አንድ በአንድ ይፈነዳሉ።

እዚህ ላይ ያ 222 ቀን ተመልሶ ይመጣል። ጋሪ ነጂው የዕለት ገቢው ከዚህ ፈረስ ነው፤ የፈረሱ ድርቆሽም ከዚያው ገቢ ይገዛል። ፈረሱን ቢያሳርፈው ሁለቱም ይራባሉ፣ ባያሳርፈው ቁስሉ አይሽርም። ብዙዎች ጥቂት ቀን ካሳረፉ በኋላ፣ ላዩ ጠገግ ሲል ወደ ጋሪው ይመልሱታል። ጨርሶ እንቢ ሲል ደግሞ ከከተማ ዳር ወስደው ይለቁታል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ አውራ ጎዳናዎች፣ በመኪና መካከል አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ እግሩን ከመሬት አንሥቶ የሚቆመውን ፈረስ ያላየ መንገደኛ የለም። ነጂውን ጨካኝ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ አልለውም።

በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ምሥረታውን ከ1932 ዓ.ም. የሚቆጥረው፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት ፈረሶቹን አስጊጦ አደባባይ ይወጣል። በዓሉ በዓድዋ የዋሉትን ፈረሶች ያዘክራል። ጉግሱና ሽርጡ ይታያል፣ ግላሱ ያብረቀርቃል፤ ፎቶ አንሺዎቹም ከጋማው እስከ ኮርቻው ያለውን ያነሣሉ። ሽማግሌ ፈረሰኞች ግን ገና ፈረሱ ሲቀርብ ዝቅ ብለው ከጉልበቱ በታች ይመለከታሉ፤ በእጃቸውም ጅማቱን ወደ ታች እየዳበሱ እስከ ኮቴው ይወርዳሉ፤ ጠባሳ ካገኙ መቼና እንዴት እንደ ሻረ ባለቤቱን ይጠይቃሉ።