ከሸክላ እስከ ኪስ ማጫወቻ፤ ድሬዳዋ ዘፈኗን እንዴት እንደ ተሸከመች

ድሬዳዋ ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ፥ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በሚገኘው ሜዳ ላይ ጣቢያ ተተከለ፤ ቦታውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በነዚያ ዓመታት በጅቡቲ በኩል ከሚመጣው የውጭ አገር ዕቃ ብዙው የሚራገፈው በዚህች ከተማ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ድሬዳዋ አዲስ ዕቃን ቀድሞ የማየት፥ ቀድሞም የመፍረድ ልማዷን አልተወችም።

ከነዚህ ዕቃዎች መካከል በእጅ የሚያዘው ሙዚቃ ማጫወቻ የራሱ ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከፋብሪካው በኩል ነው፤ ይኸውም ማን ፈለሰፈው፥ ምን ያህል ተሸጠ፥ ስንት ዘፈን ይይዛል በማለት ነው። በባለንብረቱ በኩል ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል። ባለንብረቱ የሚፈርደው በዋጋው፥ በባትሪ ድንጋዩ፥ በሙቀቱና በእንግዳው ነው። አንዱን መሣሪያ ጥሎ ሌላውን ባነሣ ቁጥር ደግሞ፥ ወደ አዲሱ ዕቃ የተሻገረ ዘፈን አለ፤ ሳይሻገር የቀረም አለ።

ድምፅን በዕቃ ውስጥ መያዝ ለኢትዮጵያ ከሐዲዱ ይቀድማል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዳግማዊ አጤ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መላካቸው፥ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በበኩላቸው በዚያው መሣሪያ መመለሳቸው የታወቀ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይም ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሆኖም ሸክላና ግራማፎን የቤት ዕቃ እንጂ የመንገድ ዕቃ አልነበሩም። ባለግራማፎን ሰው እንግዳ ይጠራል እንጂ ግራማፎኑን ተሸክሞ ወደ እንግዳ አይሄድም። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ አምኃ ሬከርድስን ሲያቋቁሙ፥ ተከትለውም አሊ አብደላ ካይፋና ሌሎች ሲገቡበት፥ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ። ይህ የሸክላው የመጨረሻ ብርሃን ነበር፤ ዘመኑ ወደ ካሴት እያዘነበለ ነበርና።

ካሴትን የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. በበርሊን የሬዲዮ ትርኢት ላይ አቅርቦት ነበር። ለድሬዳዋ የካሴት ዋና ዋጋ ትንሽነቱ አልነበረም። ባለንብረቱ ራሱ መቅረጽ የሚችል መሆኑ ነው። ሸክላ በውጭ አገር ፋብሪካ ታትሞ ሲመጣ የሚሸጠውን የሚመርጠው ነጋዴ ነው፤ ባዶ ካሴት የያዘ ሰው ግን መራጩ እሱ ራሱ ነው። ይህም በዚህች ከተማ ትልቅ ነገር ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን፥ ከእርሱም የወጡትና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፉት አሊ ቢራ፥ የሸክላ ነጋዴ ሳይጠብቁ በሰርግና በበዓል የዘፈኑ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ላለ ዘፈን ከማስታወስ ሌላ መያዣው የመቅረጫ ክር ነበር። በከተማዋ ኦሮምኛ፥ ሶማሊኛ፥ አማርኛ፥ ሐረሪኛና ዓረብኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ የቤቱም የካሴት መደርደሪያ እንደ ገበያው ነበር። የሶማሌ ባለቅኔዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግጥማቸውን በካሴት እየላኩ ከአገር አገር ሲመላለሱበት፥ ካሴቱ መጽሐፍም ጋዜጣም ሆኖ ነበር። በጅቡቲና በዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ ልጆችም ለእናታቸው ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፃቸውን ይልኩ ነበር። እናትየዋ ማንበብ ባትችልም መስማት ትችላለች። በካሴቱ በአንደኛው ፊት ደብዳቤ፥ በሁለተኛው ፊት ዘፈን የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ ይህን መዝጋቢ የሆነ ሰው ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ድሬዳዋ በር ደርሶ፥ ሐዲዱም ተቆርጦ ንግዱ ሲታወክ፥ በቤት ውስጥ የነበረው ቴፕ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በሰዓት እላፊው ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያዳምጠው ሬዲዮ ወይም ካሴት ነው።

የሶኒ ኩባንያ ዎክማንን በቶኪዮ ለገበያ ያወጣው በዚህ ጊዜ መካከል፥ ሰኔ 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዋጋው 33,000 የን ነበር። ክብደቱ 400 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል፤ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ አይቀርጽም። ከኩባንያው ሠራተኞች መካከል የማይቀርጽ ቴፕ ማን ይገዛል ብለው የተከራከሩ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ያሳዩት ጥንቃቄ ነው። ሰው ለብቻው ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ ቢሰማ አጠገቡ ላለው ሰው ንቀት ይሆናል ብለው ስለ ሠጉ፥ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳና፥ ሲጫኑት ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ሰዎች የሚያነጋግር ቁልፍ እንዲኖረው አደረጉ። ገዢዎቹ ግን ለብቻቸው መስማቱን ስለ ወደዱት፥ ይህ ቁልፍ በኋላ በወጡት ዓይነቶች ላይ ቀረ።

የሞሪታን ሥጋት ድሬዳዋ በሚገባ ትረዳዋለች። ዎክማን፥ ይበልጥም የእርሱ አምሳያ ሆኖ በርካሽ የተሠራው ዕቃ፥ ወደ ከተማዋ የገባው እንደ ሌላው ትንሽ ዕቃ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በጅቡቲ በኩል፥ በባቡርና በግመል መንገድ፥ ጉምሩክን እያየና ጉምሩክን እየሸሸ ነበር። በትንሽነቱ መጀመሪያ የተጠቀመው አዳማጩ አይደለም፤ ከልብስ ሥር ይዞት ያለፈው ነጋዴ ነው። «ታይዋን» የሚባለው የድሬ ገበያ ስሙ ብቻውን የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳም ዕቃ ሳይገዛ አይመለስም ነበር።

የከተማው ሰው ግን በዚህ ዕቃ ላይ የሰጠው ፍርድ አንድ አልነበረም። የመጀመሪያው ክርክር የጨዋነት ነበር። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ጆሮን መድፈን ነውር ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቀመጥ ማለት አንድ ዘፈን አብሮ መስማት ነውና። ስለዚህ ብዙ ሰው ዎክማኑን ለመንገድና ለሌሊት አደረገው፤ ለበርጫ ትልቁን ቴፕ አስቀረ። ወጣቶች ደግሞ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈሉት፤ አንዱ ጆሮ ለአንዱ፥ ሁለተኛው ለጓደኛው። ሞሪታ በሁለት ቀዳዳ ያሰቡትን፥ እነርሱ ሽቦውን በመዘርጋት አደረጉት። ሌሎችም ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገዝተው ሰክተውበት የኪሱን ዕቃ መልሰው የቤት ዕቃ አደረጉት።

ሁለተኛው ክርክር የድንጋይ ነበር። ዎክማን ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ደግሞ በየሱቁ በገንዘብ ነው። ርካሹ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አልነበረውም፤ ቢኖረውም ድንጋይ ይጨርሳል ተብሎ ማንም አይነካውም። ካሴት የሚመለሰው በእስክሪብቶ ነበር። እስክሪብቶውን በቀዳዳው ከትቶ በአየር ላይ ማሽከርከር የዚያ ትውልድ ሁሉ ችሎታ ነው። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፥ በጥርስም ይነከሳል፤ የኬሚስትሪ መምህራን ስለዚህ የሚሉት ይኖራቸዋል፤ ባለንብረቱ ግን አንድ ዘፈን ተጨማሪ አግኝቶበታል።

ሦስተኛውና የድሬዳዋ ብቻ ሊባል የሚችለው ፍርድ የሙቀት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በመስኮት ላይ የተረሳ ካሴት ሽፋኑ ይጣመማል፥ ክሩን የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ማጣበቂያው ይለቃል፥ በደቻቱ አሸዋ የተሞላው ነፋስም ማንበቢያውን ያደማል። ባለ 90 ደቂቃው ካሴት ክሩ ቀጭን ስለ ሆነ ቴፕ ቶሎ «ይበላዋል»። ስለዚህ ብዙ ይይዛል ተብሎ ከሚመሰገነው ይልቅ ባለ 60 ደቂቃው ይመረጥ ነበር። ከፋብሪካው መመዘኛ የድሬ ሰው መመዘኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚፈለገው ብዙ የሚይዘው ሳይሆን የያዘውን የማይጥለው ነው።

ሲዲ ስለ መጣበት ዘመን ብዙ የሚባል የለም። በእጅ የሚያዘው የሲዲ ማጫወቻ ሲራመዱ ይዘላል፥ ድንጋይ ይጨርሳል፥ አቧራ አይወድም፤ ሲዲውም ቢጫር የሚጠግነው የለም። በቤትና በመኪና ካልሆነ በቀር በድሬዳዋ ኪስ ውስጥ አልገባም ማለት ይቻላል።

የኪሱን ገበያ የለወጠው ኤምፒ ስሪ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች ከኮሪያና ከአሜሪካ ወጡ፤ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. አፕል አይፖድን አሳየ፤ 5 ጊጋባይት ሆኖ 1,000 ዘፈን ይይዛል፥ ዋጋውም 399 ዶላር ነው ተባለ። ዘዴው ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል አውጥቶ ቀሪውን ማጥበብ ነው፤ በተለመደው መጠን አንድ ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ 128 ሜጋባይት ያለው ርካሽ ማጫወቻ ሠላሳ ያህል ዘፈን፥ ማለትም ሁለት ካሴት ገደማ ይይዛል ማለት ነው።

አይፖድን ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላመጣው በቀር በከተማዋ የያዘው ጥቂት ሰው ነበር። ከያዙትም ዘንድ የሚሰማው ወቀሳ ተመሳሳይ ነው፤ ዘፈን የሚቀበለው ከአንድ ኮምፒውተርና ከራሱ ፕሮግራም ብቻ ነው፥ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ አይሰጥም፥ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ መቀየር አይቻልም። የቻይናው ትንሽ ማጫወቻ በአንጻሩ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የፈለጉትን ይቀበላል፤ ብዙውም በአንድ ትንሽ ድንጋይ ይሠራል። ያ የድሮው የካሴት ፍርድ ራሱ ነው፤ መቅዳት የማይቻልበት ዕቃ የግማሽ ዕቃ ነው። አፕል በግንቦት 2014 ዓ.ም. አይፖድን መሥራት ሲያቆም በድሬዳዋ ብዙም ያዘነለት አልተገኘም፤ ስልክና ሚሞሪ ካርድ ቀድመው ቦታውን ይዘውት ነበርና። ካሴት ይቀዳበት የነበረው ሙዚቃ ቤት ኮምፒውተር አስገብቶ፥ በሚሞሪና በፍላሽ እየጫነ መሸጥ ጀመረ።

ጉዳቱ የተፈጸመው በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። የታተመ ካሴት ወረቀት ነበረው፤ በወረቀቱም ላይ የዘፋኙ፥ የግጥምና ዜማ ደራሲው፥ የባንዱ ስም በፊደል ተጽፎ ይነበባል። በቤት የተቀዳውም ቢሆን በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ስም አያጣም። ዘፈኑ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ወረቀቱ ውጭ ቀረ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ፥ በዩኒኮድ፥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፥ ርካሾቹ ማጫወቻዎች ፊደሉን አያውቁትም ነበር፤ በአማርኛ የተጻፈ ስም በትንሿ መስታወት ላይ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጫኚው በላቲን ፊደል እንደ መሰለው ይጽፋል፤ ወይም «ትራክ 01» ብሎ ይተወዋል። አንድ ዘፋኝ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አምስት ሰው ሆነ፤ የግጥሙ ደራሲ ግን ፈጽሞ ጠፋ። ከባለንብረቶቹ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረው ጥቂት ነው። የሚሰጡት ፍርድ ስለ ድምፁ ጥራትና ስለ ብዛቱ ነበር፤ ስለ ስሙ የሚጠይቀው፥ የሚያውቀውን ዘፈን ፈልጎ ያጣው አረጋዊ ነው።

የድርሰት ባለቤትነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። አዋጁ የደራሲውን በስሙ የመጠራት መብት ጭምር ያውቃል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠብቀው ስሙ የታወቀውን ነው፤ ስሙ በመሻገሪያ የጠፋውን ሰው ወክሎ የሚከስ የለም። በሰርግ ላይ በተቀዳ ካሴት የሚገኝ የሐረሪኛ ወይም የሶማሊኛ ዘፈን ከሆነ ደግሞ፥ ከመጀመሪያውም የታተመ ወረቀት አልነበረውም።

ከነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ ዛሬም በቀዚራና በመጋላ ቤቶች በካርቶን ውስጥ ይገኛሉ። ክሩ በሙቀት ቢጎዳም አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አይሞትም፤ የተጣመመውን ሽፋን ከፍቶ ክሩን ወደ ጤነኛ ሽፋን ማዛወር፥ ስፖንጁን መተካት ይቻላል። ከባዱ ጊዜው ነው። ፍላሽ በደቂቃ ውስጥ ይገለበጣል፤ 60 ደቂቃ ካሴት ግን ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈልጋል፤ 100 ካሴት ያለው ቤት 100 ሰዓት ሙሉ ቁጭ የሚል ሰው ይሻል። የሚሠራ ቴፕም ያስፈልጋል፤ የቴፑን ቺንጋ የሚቀይር፥ ማንበቢያውን በአልኮል የሚጠርግ ባለሙያ ደግሞ ከአምፖልና ከስልክ ጥገና ሥራው መካከል ነው የሚገኘው፤ ዕድሜውም እየገፋ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ ካርቶኑን ከማንሣት አስቀድሞ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተቀምጦ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ፥ ማን እንደሚዘፍን፥ በማን ሰርግ እንደ ተቀዳ፥ በሁለተኛው ፊት ምን እንዳለ፥ የቀረጸውስ ማን እንደ ነበረ ጠይቆ በወረቀት መጻፍ ነው።