ከቦኖ ውኃ እስከ ኮብልስቶን፤ ሰፈራችን እንዴት ታደሰ?



ከአብነት ተነሥታችሁ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትሄዱ እግራችሁ የሚረግጠውን ጥርብ ድንጋይ፣ በዳር የሚወርደውን ቦይ፣ በግቢ ጥግ በቁልፍ የምትዘጋውን የጋራ መጸዳጃ ቤት ማን እንደሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ወጣቱን ብትጠይቁት «መንግሥት ነዋ» ይላችኋል። ሌላው «ድርጅቶች ናቸው» ይላል። ሽማግሌው ግን «እኛ ነን» ይላሉ። ሦስቱም ከፊል እውነት ስላላቸው ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል።

እንደሚታወቀው የዛሬው መርካቶ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ነጭና ጥቁር ለይቶ ለማስፈር በነደፈው ፕላን መሠረት ትልቁን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ «የአገሬው ገበያ» ወዳለው ሥፍራ አዛወረው። ስሙም ከቋንቋው ወረሰ። መሬቱን በቀጥታ መስመር ሸንሽኖ ለገበያው ቦታ ሰጠ እንጂ፣ ገበያውን ተከትሎ ለሚመጣው ሕዝብ መኖሪያ እምብዛም አላሰበም። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሐረር፣ ከጅማ፣ ከወሎ የመጣው ሰው በየጓሮው የጭቃ ቤት እየቀጠለ ገባ። በዙሪያው ያሉት ሰፈሮች ጠባብና የተፋፈጉ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነበር። በአዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ድሃው ከአከራይ ግልምጫ ተገላገለ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ብር ኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃም። ነዋሪው የሚኖርበት ቤት የእሱ ስላልሆነ ግድግዳውን ለመምረግ እንኳ ልቡ አልደፈረም። ጣሪያው ሲዝግ፣ ምሰሶው ሲዘም፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ዓመታት አለፉ። ውኃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር። በዕድሜ የገፋችሁት የጀሪካኑን ሰልፍና ለዉዱእ የምትሆን አንዲት ጣሳ ውኃ ምን ያህል ትከበር እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

በዚህ ጊዜ ነው የዛሬው ርእሳችን የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት የሆነው ሬድ ባርና፣ በአዲስ አበባ እጅግ ከተጎሳቆሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ በቀበሌ 29፣ የከተማ ማኅበረሰብ ልማት ሥራ ጀመረ። በሥራው ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዷ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ናቸው። ወይዘሮዋ በሙያቸው ነርስ ሲሆኑ፣ በደርግ ዘመን ለአምስት ዓመታት ታስረው ከተፈቱ በኋላ ወደ ድሃው ሰፈር ገቡ። ለቤተ መንግሥቱ ቅርበት ከነበረው ቤተሰብ የተወለደች ሴት ከእስር ወጥታ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሥራ ስታስተባብር ማየት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት መሥርተው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች፣ ማለትም ከደጃችን፣ ሥራውን ቀጠሉ።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር «የተቀናጀ» በምትለው ቃል ውስጥ አለ። ቤት ብቻ ቢታደስ ቤተሰቡ በተቅማጥ ከታመመ ምን ይጠቅማል? ክሊኒክ ብቻ ቢከፈት ቦዩ ካልተጠረገ በሽታው ይመለሳል። እናት ገቢ ከሌላት ደግሞ የታደሰውን ቤት ኪራይ አትከፍልም። ስለዚህ የቤት እድሳት፣ መጸዳጃ፣ የጋራ ማድ ቤት፣ የውኃ ቦኖ፣ የእግር መንገድና ቦይ፣ የጤና ትምህርትና ክትባት፣ የሙያ ሥልጠናና ገቢ ማስገኛ ጎን ለጎን ተሠሩ። ችግሩን የሚናገረውና ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ነዋሪው፣ ፈቃድና ቦታ የሚሰጠው ቀበሌው፣ ገንዘብና ባለሙያ የሚያመጣው ድርጅቱ ነበር።

መጸዳጃ ቤቱን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ብዙ ሰው ቢያፍርበትም ትልቁ ቁም ነገር እዚያ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት የሆነ መጸዳጃ የማንም ስላልሆነ ማንም አያጸዳውም፤ በሳምንቱ አይቀረብም። ለጥቂት ጎረቤታሞች ተከፍሎ እያንዳንዱ ቤት ቁልፍ ሲይዝና የጽዳት ተራ ሲወጣለት ግን ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ጉድጓዱ ሲሞላ መኪና የሚያስመጣው ገንዘብም ከእነዚያው ቤቶች ይዋጣል። ይህን ሥርዓት የውጭ ባለሙያ ሊያስተምረን አላስፈለገም። እድራችን ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን በተራና በመዋጮ ሲጠብቅ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመርካቶ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ መሥራትን የተማረው ከድርጅቶች አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ አብዛኞቹ የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ማኅበር አቋቁመው በመዋጮ ገንዘብና ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። ለአገር ቤት ያዋጣ እጅ ለሰፈሩ ቦይ ማዋጣት አልከበደውም።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ፣ ኬር ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቀበሌዎች የከተማ ምግብ ለሥራ ፕሮግራም አካሄደ። ሥራ ያጣው ነዋሪ ደመወዙን በእህል እየተቀበለ የራሱን ሰፈር መንገድ በድንጋይ አለበሰ፣ ቦይ ቆፈረ፣ መጸዳጃ ሠራ። ብዙ ሴቶች ድንጋይ ተሸክመዋል። አንዳንዱ ሰው «ለስንዴ ብለው ነው» እያለ ይሳለቅ ነበር፤ ያው ሰው ክረምት ሲገባ ጫማው ሳይጨቀይ የሄደው በእነርሱ መንገድ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ፣ በድሬዳዋ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተሞከረው የኮብልስቶን ሥራ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የሰፈር ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ድርሻውን ሰበሰበ፤ መስተዳድሩ ቀሪውን ሸፈነ፤ የተደራጁ ወጣቶች ጠርበው አነጠፉ።

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልምጣ። በ1967ቱ አዋጅ ቤቱ የቀበሌ እንደሆነ ቀረ። ነዋሪው በጉልበቱ ያደሰው ቤት፣ ያነጠፈው መንገድ፣ የከፈለበት ቦይ በስሙ አልተመዘገበም። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. በጎረቤታችን በልደታ የመልሶ ማልማት ፕላን ሥራ ላይ ሲውል፣ ሰፈሩ ፈርሶ በምትኩ ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንጻዎች ተሠሩበት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም በሌላ ቦታ ያለ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ተደረገ። የራሱ ቦይና የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ያገኙትም አመስግነዋል። ለቅድሚያ ክፍያው አቅም ያነሰው ግን ወደ ሌላ የጭቃ ቤት ሄደ። የሄደውም ለብቻው ነው፤ እድሩ፣ ቡና የሚጠጣው ጎረቤቱ፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ አብረውት አልሄዱም።

መታደስ አይቀርም፤ ጠባብ መንገድ ምን እንደሚያስከትልም አይተናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የመተላለፊያ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶባቸው ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ነዋሪው የሚጠየቅበት ጊዜ ላይ ነው። በቀበሌ 29 የተጠየቀው ፕላኑ ከመነደፉ በፊት ነበር፤ በልደታ ግን ፕላኑ ካለቀ በኋላ የት መሄድ እንደሚፈልግ ተጠየቀ። የመርካቶ ነጋዴዎችም ቦታው ሊለማ ነው በተባለ ጊዜ በየተራቸው በአክሲዮን ተሰብስበው ፎቅ መሥራታቸው ይታወሳል፤ ካፒታል የነበረው መደራጀት ቻለ። የቀበሌ ቤት ተከራይ በምን ይደራጅ?

ከተነሡት መካከል ወደ ዳር ከተማ የሄዱ ብዙዎች እድራቸውን አልለቀቁም። ሁለት ታክሲ ወይም አውቶቡስ ቀይረው፣ ጁሙዓ ሲሆን ወይም ሰው ሲሞት፣ ወደ ቀድሞው ሰፈር ይመጣሉ። መዋጮአቸውን ከፍለው፣ ቀሪውን ጎረቤት ጠይቀው፣ ከመግሪብ በፊት ለመድረስ ይቸኩላሉ።