የጣና ዓሦች ስምና ቍጥር

ነገርን በስሙ መጥራት የዕውቀት መጀመሪያ ነው። ስሙ ያልታወቀ ነገር አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረም ነገር ቢጠፋ ፈላጊ የለውም። ይህን በግልጥ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የጣና ዓሦች ታሪክ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ቍልቍል ስለሚወረወር፣ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በሐይቁ ያሉት ዓሦች በሩ እንደ ተዘጋ ቤት ለብቻቸው ሲዋለዱ ኖሩ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ጐንደርንና የጣናን አገር ጐብኝቶ፣ ባርቡስ ከሚባለው ወገን የሆኑትን አንዳንድ ዓሦች በላቲን ስም ጠራቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ ቡላንዤ ሌሎች ስሞችን ጨመረባቸው። ነገር ግን ሊቃውንቱ የሚመረምሩት በአልኮል ውስጥ የተቀመጠውን በድን እንጂ በውኃው ውስጥ የሚኖረውን ዓሣ አልነበረም። በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የመልካቸው ልዩነት ድንበር የለውም በማለት ታላላቆቹን ባርቡሶች በአንድ የዝርያ ስም ጠቀለላቸው። በዚህም ብዙ የነበረው በመጽሐፍ ላይ አንድ ሆነ።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን በሆላንድ አገር የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ናኸልኬርኬና ሲቢንግ፣ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ያዙት። ዓሣው ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ጥልቀት እንደሚውል፣ መቼና የት እንደሚራባ መረመሩ። አንዱ የውኃ ተክል ይመገባል፤ ሌላው ቀንድ አውጣን በጉሮሮው ጥርስ ይፈጫል፤ ሌላው በዓይን የማይታዩ የውኃ ነፍሳትን ያጠልላል፤ ስምንቱ ደግሞ በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አሳድደው ይውጣሉ። እነዚህ ታላላቅ ባርቡሶች 15 ዝርያዎች መሆናቸው በ2000 በዝርዝር ታተመ።

የዘር ውርስ ጥናት ለዚህ ታሪክ ሌላ ምስክር ጨመረ። የሰው ክሮሞሶም 46 ሲሆን፣ የእነዚህ ዓሦች 150 ያህል ነው፤ ይኸውም ስድስት እጥፍ ሆኖ የተደራረበ ውርስ ነው። ዝምድናቸውም እጅግ የቀረበ ሆኖ ተገኝቶአል። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ሲመረመር፣ ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት ደርቆ እንደ ነበረ ስለሚያሳይ፣ ልዩነታቸው በፍጥረት ታሪክ አቈጣጠር ዛሬ የተወለደ ያህል ነው። እንግዲህ የባኒስተር ስሕተት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ወንድማማቾች መመሳሰላቸው ግን አንድ ሰው አያደርጋቸውም።

የስሙ ነገር የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት፣ ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም ነበር። ከዝርያዎቹ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጕማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። መረብ በወንዙ አፍ ሲዘረጋ የሚያዘው የመጪው ዓመት ዘር ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በመረብ የሚያዘው ባርቡስ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ሁሉም በአንድ ስም ቢቈጠር ኖሮ፣ በሐይቁ ውስጥ የሚራባው ወንዝ የሚወጣውን ሸፍኖት ጥፋቱ ባልታየ ነበር።

በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም ይህን የመሰለ የዓሣ ቤተሰብ ነበረ። ከውጭ የመጡ ዓሦች በመግባታቸውና ማጥመዱ በመብዛቱ፣ ከዚያ ቤተሰብ አብዛኛው ዛሬ በሙዚየም ብቻ ይገኛል።

ስለዚህ መምህር ለተማሪው ስለ ጣና ሲያስተምር ገዳማቱንና ፏፏቴውን እንደሚነግረው ሁሉ ዓሦቹንም በየስማቸው ይንገረው። የመንግሥት ሠራተኛም የማጥመጃውን ወራት ሲወስን፣ የሚጠብቀው አንድ ዓሣ ሳይሆን 15 ዝርያ መሆኑን ያስታውስ። አንድ ጊዜ ከወንዙ የቀረውን ዘር፣ ስሙን በመጽሐፍ ማንበብ አይመልሰውምና።